መትከልና ማጽደቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር አምላክ አባታችንን አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ያለ ሥራ አላኖረውም። ኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን ሁለት ሥራ ሰጠው፤ አንደኛው ገነትን ማበጀት፣ ሁለተኛውም ገነትን መጠበቅ ነው። በዚያን ጊዜ ሌባ አልነበረም፤ አጥር የሚጥስ ጎረቤት፣ ግንድ የሚቈርጥ እንግዳም አልነበረም። እንግዲህ ጥበቃው ከምን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ከመርሳት ነው ብለን እንመልስለታለን። የተሰጠን ነገር የማን እንደ ሆነ መርሳት ከሌባ ይልቅ ያጠፋልና። አዳም ገነትን ያጣው ማበጀት ስላቃተው አይደለም፤ እንዲጠብቅ የታዘዘውን ስላልጠበቀ ነው። ይህ የመጀመሪያው ሰው ታሪክ በዘመናችን ከተማ ውስጥ፣ በጥቂት ችግኞች ዙሪያ፣ በየዓመቱ ሲደገም እናየዋለንና በዚህ ጽሑፋችን ልንናገርበት ወደድን።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቂሊንጦ ብዙ ዘመን ሳይርቅ ጤፍና ምስር የሚበቅልበት የገበሬ እርሻ ነበረ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እግርንም ይይዛል፤ በበጋ ፀሐይ ሲመታው እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ዛሬ በዚያ እርሻ ላይ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚሠሩበት የኢንዱስትሪ መንደርም ቆመዋል። የቂሊንጦ ስም በሩቅ ላለው ሰው ከእስር ቤት ጋር ተያይዞ ብቻ የሚታወቅ ቢሆንም፣ በዚያ የሚኖረው ግን ልጅ የሚያሳድግ፣ ማለዳ ተነሥቶ በሠልፍ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ማታ ደክሞ የሚመለስ ሕዝብ ነው። ከመሐል ከተማ ልዩ ልዩ ሰፈሮች የመጣ ስለ ሆነ አብዛኛው ጎረቤቱን አያውቅም፤ በሕንፃውና በሕንፃው መካከል ያለውንም ባዶ መሬት የእኔ ነው የሚል የለም፤ የእኛ ነው የሚልም ጥቂት ነው።

በዚህ መሬት ላይ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። በመላ አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ በሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ይህን የሚያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ በጎ ሥራ ጎንበስ ማለቱ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን መሬት ቍጥር አታነብም። በሐምሌ በጭቃ ውስጥ የቆመው ችግኝ በመስከረም ያብባል፤ በኅዳር ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ጥቁሩ አፈር በተሰነጠቀ ጊዜ ሥሩ በስንጥቁ ይበጠሳል፤ በጥር ግን ደረቅ እንጨት ሆኖ ይገኛል። በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ሕዝብ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይተክልበታል። እንዲህ ከሆነ የሚጠራቀመው የሥራ ወሬ ነው፤ ጥላ ግን አይገኝም።

አማርኛችን በዚህ ነገር ጥልቅ ትምህርት ይዟል። ገበሬው ችግኙ ሥር ሰድዶ በሕይወት መቆሙን ሲያይ ችግኙ ጸደቀ ይላል። ይህ ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ እኛም ስለ ቅዱሳን ስንናገር የምንጠቀምበት ጽድቅ የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ ተከልሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጸደቀልኝ ማለት ሌላ ነገር ነው። ጥምቀት ተክል ነው፤ የተጠመቀ ሁሉ ግን ጠብቆ ካልኖረ ጻድቅ ተብሎ አይጠራም። ቤተ ክርስቲያን ልጅን በ40 ቀን ወይም በ80 ቀን ተክላ አትተወውም፤ በትምህርት ታጠጣዋለች፣ በጾም ታጥርለታለች፣ በንስሐ ትኰተኵትለታለች። ታላቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት ስማቸው የሃይማኖት ተክል ማለት እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። የሃይማኖት ተክል የሆኑት ስለ ተሰየሙ ብቻ አይደለም፤ በተተከሉበት ጸንተው ፍሬ ስላፈሩ ነው።

አባቶቻችን ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በምድር ላይ ጽፈውልናል። ቤተ ክርስቲያን ያቆመን ሰው ደብር ተከለ እንላለን፤ ዛፍ ለሚተክለው የምንለውም ያንኑ ነው። ገዳም የሚለው የግእዝ ቃል መጀመሪያ ትርጕሙ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነበረ። ስለዚህ ቤተ መቅደሱ በተተከለበት ሁሉ ዐጸዱም አብሮት ተተከለ። በሰሜኑ አገራችን ተራራውና ሜዳው ታርሶ ራቁቱን በቀረበት ዘመን እንኳ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠልሎ ቀረ። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው ከ160 የሚበልጥ የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነት ቈጥረዋል። ደግሞም ዐጸዱን የሚያሳሳው መጥረቢያ ብቻ እንዳልሆነ አመለከቱ፤ ከብት እየገባ አዲስ የበቀለውን ቡቃያ ስለሚበላውና ስለሚረግጠው ሽማግሌው ዛፍ ሲሞት ተተኪ ያጣል። ከዚህ በኋላ በአንዳንድ ስፍራ ካህናቱና ገበሬዎቹ በእርሻቸው ውስጥ ተበትኖ የነበረውን ድንጋይ ለቅመው በዐጸዱ ዙሪያ ካብ ካቡ፤ እርሻው ከድንጋይ ጠራ፣ ቡቃያውም ከከብት ተጠበቀ። አንድ ሥራ ለሁለት ጥቅም ሆነ ማለት ነው። የተደረገውም በትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ አጥቢያው ዐጸዱን የእኔ ነው ስላለ ነው።

የአዲስ አበባም ታሪክ ለዚሁ ምስክር ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው ይህች ከተማ ብዙ ዓመት ሳትቈይ ማገዶና ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት አጠራት፤ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ተቈርጦ አለቀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በዚህ ምክንያት ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበረ፤ ኋላ ግን ያ ሕንፃ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን በስፍራዋ ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ያልነውም ስለዚህ ነው። ባሕር ዛፍን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ ከእንጦጦ እስከ ገበያ ድረስ ጀርባዋ ጎብጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ልጆችዋን ያሳደገችውን እናት ግን አንርሳ። የቤቱ ማገር፣ የምጣዱ እሳት እርሱ ነበረ። ሆኖም ውኃ በብዛት ስለሚጠጣና በሥሩ ሌላ ተክል ስለማያስጠጋ ለወንዝ ዳርና ለጠባብ የሰፈር ቦታ የሚስማማ አይደለም። ለሁሉም ስፍራ አለው፤ መለየት የጠባቂ ሥራ ነው።

ቂሊንጦን ደግሞ ከሌላው ሰፈር የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በውኃው መንገድ አጠገብ መሆኑ ነው። ከከተማው ሰሜን የሚነሡት ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክመው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። የላይኛው ሰፈር ሰው ወደ ወንዝ የጣለው ነገር ከዐይኑ ጠፋ እንጂ ከምድር አልጠፋም፤ የታችኛው ሰው ጎመኑን ያጠጣበታል፣ ከብቱን ያጠጣበታል። የአቃቂ ምድር ደግሞ በሆዱ የጉድጓድ ውኃ ይዟል፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍ ያለው ክፍል ከዚህ ይቀዳል። ስለዚህ በአቃቂ ዙሪያ ዛፍ መትከልና የወንዝን ዳር በሣርና በቍጥቋጦ ማልበስ ጌጥ ብቻ አይደለም። የዛፉ ሥር አፈሩን ይይዛል፣ የዝናቡን ውኃ ያዘገየዋል፣ ወደ ምድር እንዲሰርግም ያደርገዋል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ሕግ ከወንዝ በታች ላለውም ሰው እንደ ተሰጠ ማስተማር የእኛ የካህናት ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ነፍሳት በሚጠፉበት ዘመን ካህን ስለ ችግኝ ይሰብካልን? የሚል ነው። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ከቅዳሴያችን እንመልሳለን። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ምድር ፍሬ በየጸሎቷ ትማልዳለች። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ስለ ዘርና ስለ ደመና ትዘምራለች፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውንም ዘመነ ጽጌ ብላ እመቤታችን ከልጅዋ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ታስባለች። በጸሎት የምንለምነውን በእጃችን ብናበላሸው ጸሎታችን በምን ይታመናል? የባሕር ዳሯ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል ታላቁ እንጦንስ በበረሃ ጥቂት አትክልት ተክሎ የሚመጡትን እንግዶች ያሳርፍበት እንደ ነበረ ተነግሯል። ጌታችንም በትንሣኤው ማለዳ ለመግደላዊት ማርያም በተገለጠላት ጊዜ አትክልተኛው መስሏት ነበረ። እርስዋ የተሳሳተች ብትመስልም፣ አዳም ያልጠበቀውን ገነት መልሶ የሚጠብቀው ሁለተኛው አዳም እርሱ ነውና ነገሩ ያለ ምሥጢር አይደለም።

ይህን ስንል ግን ዛፍን አድባር ብሎ ቅቤ መቀባትን፣ በሥሩ መሥዋዕት ማቅረብን እንደ ማንደግፍ ግልጥ ይሁን። ዛፍ ፍጡር ነው፤ አይሰገድለትም። ፍጡር ስለ ሆነም የፈጣሪ ገንዘብ ነውና ያለ ምክንያት አይጠፋም። ኦሪት በዘዳግም 20ኛው ምዕራፍ ከተማ ከብቦ የሚዋጋ ሠራዊት እንኳ የሚፈራውን ዛፍ በመጥረቢያ እንዳያጠፋ ከልክሏል። በጦርነት ያልተፈቀደ በሰላም ጊዜ እንዴት ይፈቀዳል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው የከበደ ነው። በከተማ ቦታ ጠባብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ካህናቷን የምታኖርበት፣ የአብነት ተማሪዎቿን የምታበላበት ገቢ ያስፈልጋታል፤ በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ሠርቶ ማከራየት፣ ቅጥሩንም በሲሚንቶ መሸፈን ይሻላል ይላሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ በባዶ ሆዱ የሚቀድሰውን ካህን ዛፍ ብላ ልንለው አንችልም። ሱቅም በስፍራው ቢሠራ አንቃወምም። ነገር ግን ቅጥሩ በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ ሽማግሌው በቅዳሴ መካከል ወዴት ይጠለላል? ንስሐ የሚገባው ሰው ከመምህሩ ጋር በምን ጥላ ሥር ይቀመጣል? ቅኔ የሚቈጥረው ተማሪ የት ሄዶ ያስባል? የዝናቡስ ውኃ በየት ይሰርጋል? ሱቅ በዚህ ዓመት ያስገባል፤ ዛፍ ግን ለልጅ ልጅ ያስገባል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቅጥር አቻችለው ኖረዋል፤ እኛም የዐጸዱ ስፍራ አስቀድሞ ተለክቶ ከተለየ በኋላ የቀረው ለሌላ ጥቅም ይዋል እንላለን። ከተረፈ ይተከላል ማለት አይተከልም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ በስንክሳር በጥቅምት 20 ቀን የሚታሰበውን አባ ዮሐንስ ሐጺርን እናስብ። መምህሩ ደረቅ እንጨት በምድር ላይ ተክለው በየቀኑ እንዲያጠጣው አዘዙት። ውኃው ሩቅ ነበረ፤ እርሱ ግን ምን ይጠቅማል ሳይል ሦስት ዓመት አጠጣው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ አቈጠቈጠ፣ አፈራም፤ መምህሩም ፍሬውን ለመነኰሳቱ አምጥተው የመታዘዝ ፍሬ እንደ ሆነ ነገሯቸው። ለአባ ዮሐንስ የተሰጠው ደረቅ እንጨት ነበረ፤ ለእኛ የተሰጠን ግን ሕይወት ያለው ችግኝ ነው፤ ውኃውም ከቤታችን እስከ ደጃችን ነው። ሦስት ዓመት አብዝቶ መጠየቅ አይደለም፤ ችግኝም ሁለት ወይም ሦስት በጋ ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሥራው በማስተዋል ይደረግ። በቂሊንጦ ጥቁር አፈር ጥልቅ ጉድጓድ ቈፍሮ መትከል ሥሩን በውኃ ማስጠም ነው፤ አፈሩን ከፍ አድርጎ ከምሮ በዚያ ላይ መትከል ይሻላል። ችግኙ የመጣበት ፕላስቲክ ተቀድዶ ይውጣ፤ ሳይቀደድ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በመቃብሩ እንደ ታሰረ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ይልበስ፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ይደፈን። ከዛፍም ወገን ጥቁር መሬት የለመደውን ግራር፣ የአገራችንንም ወይራ እናስቀድም። ጎመን የታጠበበት ውኃ ይበቃዋል፤ በጄሪካን የሚመጣው ንጹሕ ውኃ ለሰው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ ስም ያለው ጠባቂ ይኑረው። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ሆኖ ይጠፋልና። ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም፤ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ሰበካ ጉባኤው አለ። ሰንበቴው ወር በወር ድግሱን በተራ እንደሚያወጣ ማጠጣቱንም በተራ ያውጣ። በእያንዳንዱ ሕንፃ ያሉ ነዋሪዎች በደጃቸው ላሉት ዛፎች ይማማሉ፤ ከሌላ ሃይማኖት የሆነው ጎረቤትም ከዚህ ሥራ አይለይ፤ ጥላ ሃይማኖት አይጠይቅምና። ልጅ ባስጠመቁ ጊዜ አንድ ችግኝ ተቀብለው ለማሳደግ የሚወዱ ወላጆች ቢኖሩ መልካም ነው፤ ይህ ግን በጥምቀቱ ሥርዓት ላይ የሚጨመር ነገር እንዳይመስል እናስጠነቅቃለን። ሰበካ ጉባኤው መዝገብ ይያዝ፤ በመዝገቡም በሐምሌ የተተከለውን ሳይሆን በሰኔ ጸድቆ የተገኘውን ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ለሕዝብ የሚነበበው ቍጥር ይህ ይሁን፤ ትንሽም ቢሆን እውነት ነውና።

ወደ ቂሊንጦ ሰው ልብ ደግሞ እንመለስ። ብዙዎች በዚያ የሚኖሩት እንደ መንገደኛ ነው፤ ልባቸው በተነሡበት ሰፈር ቀርቷል። ለእነርሱ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ፣ በ29ኛው ምዕራፍ የተጻፈው፣ ይነበብላቸው። ምርኮኞቹ ቶሎ እንመለሳለን እያሉ በሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበረ፤ ነቢዩ ግን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለዚያች ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነገራቸው፤ የእርስዋ ሰላም የእነርሱም ሰላም ነበረና። ዛፍ የሚተክል ሰው በዚህ እኖራለሁ፣ ልጆቼም ይኖራሉ ብሎ ይመሰክራል። ደግሞም ይህ መሬት ቀድሞ እህል የሰጠ፣ ገበሬ በላቡ ያቀናው መሬት መሆኑን አንዘንጋ። ከእርሻው የተነሣው ገበሬ አልፎ ሲያየው በእህሉ ፈንታ አቧራና ቆሻሻ ቢያገኝ ኀዘኑ ሁለት እጥፍ ነው። ለሰጠን መሬት ውለታው ቢያንስ ሕይወት እንዳይለየው ማድረግ ነው።

በመጨረሻ ቅዱስ ሉቃስ በ13ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ምሳሌ እናስብ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባትን በለስ እንድትቈረጥ አዘዘ፤ አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ጨምርልኝ፣ ዙሪያዋን ልኰትኵት፣ ፍግም ላድርግላት ብሎ ማለደ። ሊቃውንት ይህችን በለስ የእስራኤል፣ ደግሞም የእያንዳንዱ ነፍስ ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ። አትክልተኛው የማለደው በእጁ ሊሠራላት ቃል ገብቶ እንደ ሆነ አስተውሉ። እኛም ስለ ከተማችን ስንማልድ መኰትኰቻውን በእጃችን ይዘን ይሁን። የሚተክል ይትከል፤ የሚያጠጣም ያጠጣ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ ጻፈው የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ያልተጠበቀውን አሳድግልን ብሎ መለመን እርሱን መፈታተን ይሆናል።

በሐምሌ የተከልነውን በጥር እንድናጠጣ፣ በጥምቀት የተተከልነውም እስከ ፍጻሜ ጸድቀን እንድንገኝ፣ ቅጠላቸው ለአሕዛብ መድኃኒት የሆነ ዛፎች ወደሚገኙበት፣ ንጹሕ ወንዝ ወደሚፈስባት ከተማ እንድንደርስ የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።